በቀይ ከፋይ የተጠቀለለው

ጌታሁን መምህር አይደለም። ይህን አስቀድሞ መናገር ይሻላል፤ ኻርቱም ዴም ሰፈር ውስጥ ከላይ እስከ ታች ብትጠይቁ "መምህር ጌታሁን" ብሎ የማይጠራው ሐበሻ አታገኙም። ሰውየው ዳዊት እስከ መድገም ተምሮ፣ ቅኔ ቤት ደጃፍ ጥቂት ሰንብቶ፣ ዲቁናም ሳይቀበል አገር ጥሎ የወጣ ነው። ኻርቱም ከገባ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ እንጀራው የራክሻ ወንበር መስፋት ነው፣ ያቺ ባለሦስት ጎማዋ ታክሲ። ታዲያ ጾሙ መቼ እንደሚገባ፣ የታመመ ሰው ወተት ይፈቀድለት እንደሆነ፣ አበ ልጅ ከአበ ልጁ እህት ጋር ይጋባ እንደሆነ የሚጠየቀው እሱ ነው። እሱም ይመልሳል። የሚያውቀውንም የማያውቀውንም በእኩል ድምፅ ይመልሳል። ውሸታም ሆኖ አይደለም፤ ሰው ፊቱ ቆሞ በተስፋ ሲያየው ባዶውን መሸኘት አይሆንለትም።

እንግዲህ በዚያ ዓመት፣ ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከተማው መንግሥት ይውረድ በሚል ሰልፍ ሲናጥ በየነ ሞተ።

በየነ በደርግ ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ ሸሽቶ የመጣ ዝምተኛ ሰው ነበር። ብርቅነሽ የምትባል ሴት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ስንት ዓመት ኖረ፤ ቤተ ክርስቲያን ለልደትና ለትንሣኤ ካልሆነ አይታይም። ከሠልስቱ በኋላ ብርቅነሽ ክፍሉን ልታጸዳ ገብታ የብረት ሳጥኑን ስትከፍት፣ ከልብሱ ሁሉ ሥር በቀይ ከፋይ የተጠቀለለ ነገር አገኘች። ጠፍጣፋ ነው፣ ክንድ ያህላል፣ ሲነኩት ደረቅ ነው። እጇ እንዳረፈበት ሰውነቷን ውርር እንዳደረጋት ኋላ ላይ ተናግራለች። በሰዓቱ ግን "መምህር ጌታሁንን ጥሩልኝ!" ብቻ ነበር ያለችው።

ጌታሁን መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ከፋዩን አየ፣ ዳር ዳሩን የዞረውን የወርቅ ክር አየ፣ ቅርጹን አየ። ከኋላው ሰባት ስምንት ሴቶች ትንፋሻቸውን ውጠው ቆመዋል።

"ጫማችሁን አውልቁ" አለ።

ግቢው በእልልታ ተናጋ።

"ታቦት ነው?" አለች ብርቅነሽ፣ አፏን በነጠላዋ ሸፍና።

"ጽላት ነው እንጂ! ከፋዩን አታዪም? የወርቅ ክሩንስ? በዚያ በክፉ ዘመን ስንቱ ጽላት በስደተኛ እጅ ድንበር ተሻግሯል። በየነም አደራ ይዞ ኖሯል ለካ፤ ዝምታው ለዚህ ነበር።"

አያችሁ? ከአንድ ክንድ ከፋይ ይህን ሁሉ ታሪክ አወጣ። እሱም ራሱ ሲሰማው እውነት መሰለው።

የንስሐ አባታቸው አባ ፀጋአብ ጾሙን ገዳሪፍ ያሉትን ምእመናን ሊያገለግሉ ሄደው ነበርና፣ ጌታሁን ስልክ ደወለላቸው። ጽላት ተገኝቷል አላቸው። እርግጠኛ ነህ ወይ ሲሉት "እንዴታ አባ!" አለ። "እንግዲያውስ ማንም እጁን እንዳያሳርፍበት" አሉ አባ። "እዚህ ከእኔ በቀር ቀዳሽ የለም፤ ለሆሳዕና ስመጣ አየዋለሁ።"

ከዚያ ወዲያ የበየነ ክፍል መቅደስ ሆነች። ጥቅሉን በነጠላ ደግፈው አንሥተው፣ እጅ ሳይነካው፣ ዝቅ ያለች አግዳሚ ላይ አኖሩት። ጧፍ መጣ። ብርቅነሽ ከሱቅ ዐረቢ ገበያ ዘርፍ ያለው ጥላ ገዝታ ዘረጋችበት፤ የሰርግ ጥላ መሆኑን ያየ ሁሉ ዝም አለ። ከሳጃና ሰፈር፣ ከሩቁ ከማዮም ሳይቀር፣ ሰው እየመጣ ይሰግድ ጀመር። ጌታሁን ማታ ማታ እየመጣ ስለ ሙሴ ጽላት ያስተምራል። እውነቱን እንናገር፣ ደስ ብሎታል። ሠላሳ ዓመት የራክሻ ወንበር ላይ አጎንብሶ ለኖረ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አልቅሳ የማይወጣላት የበየነ ልጅ ዮሳቤጥ ብቻ ነበረች።

ዮሳቤጥ እዚሁ ኻርቱም ተወልዳ፣ በሱዳን ትምህርት ቤት ተምራ፣ ሳጃና ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ፣ እዚያው ተከራይታ የምትኖር የሃያ ሰባት ዓመት ልጅ ናት። አማርኛዋ ያነክሳል፤ ትልቁንም ትንሹንም "አንተ" ትላለች፣ ዐረብኛው አንቱታ የለውምና። አባቷ ሐኪም ቤት ሊሞት ሲል "ወረቀቴ ጨርቁ ውስጥ ነው" ብሏታል። ወረቀቱ ያ የድሮው የስደተኛ መታወቂያው ነው። ወደ ሦስተኛ አገር የሚወስዳት ፋይል የተከፈተው በእሱ ቁጥር ነው፤ ዐሥራ አንድ ዓመት ጠብቃ ለቃለ መጠይቅ የተጠራችው መጋቢት ሠላሳ፣ ሰኞ ነው። ዋናውን መታወቂያ ካላመጣሽ ፋይሉ ይዘጋል ብለዋታል የስደተኞች ጽሕፈት ቤቱ ሰዎች። የቤቱን ጨርቅ ሁሉ አራግፋለች። የቀረው ያ ቀይ ከፋይ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ብርቅነሽ ከደጅ አታስነካትም። "አንቺ ልጅ፣ ልትቀሠፊ ነው? ለእኛስ አታስቢም?"

ለጌታሁንም ነግራው ነበር። "ታገሺ ልጄ፣ ከታቦት የሚበልጥ ወረቀት የለም" ብሎ ሸኝቷታል። ለአባ ግን ስለ ልጅቷ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ሐሙስ ዕለት፣ ሰኞ ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው፣ ዮሳቤጥ የጌታሁን ሱቅ ዘው ብላ ገባች። መንገድ ላይ ፖሊስ ቡምባን፣ ያን አስለቃሽ ጭስ፣ ተኩሶ ዐይኗን አቃጥሎት እንባዋ ይወርዳል። ውኃ ሰጣት። ታጠበችና ያልተሰፋ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

"ዐሞ" አለችው፤ አጎቴ ማለቷ ነው። "አንተ አይተኸዋል?"

"ምኑን?"

"ውስጡን።"

"ውስጡማ አይታይም እኮ! ታቦት ነዋ!"

"ካላየህ እንዴት ዐወቅህ?"

ጌታሁን መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካ። "ምልክት አለው። ከፋዩ፣ የወርቅ ክሩ…"

"እሱ ጨርቅ ነው።" ልታሾፍበት አልነበረም፤ ፊቷ ላይ ቁጣም የለም። ይህ ነው የባሰበት። "ዐሞ፣ ታቦት ከሆነ ወላሂ እኔ አልነካም። እፈራለሁ። ካልሆነ ግን ሰኞ ቀጠሮ አለኝ። ስለዚህ ማወቅ እፈልጋለሁ፣ ኻላስ፣ በቃ። አንተ ታውቃለህ ብለው ነው የመጣሁት።"

"ኢንሻአላህ ለሆሳዕና አባ ሲመጡ…"

"ሆሳዕና ከሰኞ በኋላ ነው።"

ተነሥታ ሄደች። ጌታሁን ሥራውን ሊቀጥል ቢል ክሩ እየተበጠሰ አስቸገረው። እንዴት ዐወቅህ? እስከ ዛሬ ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ምንድነው ብሎ ጠይቆ መልሱን ይዞ ይሄዳል። ሱቁን ዘግቶ ወደ ብርቅነሽ ግቢ ነጎደ። ልጅቷን ሊረታ እንጂ ሊመረምር አልነበረም ሐሳቡ፤ አንድ ጠንካራ ምልክት ፈልጎ ሊያሳያት።

ክፍሏ ውስጥ ሰው አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ነው፣ በመስኮቱ ፀሐይ ገብታ አግዳሚዋን ሞልታዋለች። ጌታሁን ጫማውን አውልቆ ሰገደ። "ጌታዬ፣ እውነቱን ግለጽልኝ" አለ፣ ግንባሩን መሬት አስነክቶ። ቀና ሲል የጥቅሉ ማዕዘን ከአፍንጫው አንድ ስንዝር ላይ ነበር።

ማዕዘኑ ሁለት ጊዜ ታጥፎ በናይለን ክር በሦስት ስፌት ተቆልፏል። ስፌቱ ወደ ግራ ያዘነብላል። ጌታሁን ግራኝ ነው። ራክሻ ላይ ሰው ሲወጣና ሲወርድ ማዕዘኑ እንዳይተረተር ብሎ ይህን አቆላለፍ ራሱ ያወጣው ነው፤ ሌላ ሰፊ ሲሠራው አይቶ አያውቅም።

"ወይ ጉድ!" አለ ጮክ ብሎ። የገዛ ስፌቱ ነው። ሰውየው ሦስት ሳምንት ሙሉ ለገዛ ስፌቱ ሲሰግድ ከርሟል።

ያኔ ትዝ አለው። ዐሥር ዓመት ይሆነዋል። ለአንድ የሰርግ አዳራሽ ወንበር ሰፍቶ የተረፈ ከፋይ ነበረ፤ በየነ መጠኑን በሲባጎ ለክቶ መጥቶ ከረጢት ስፋልኝ አለው። የወርቅ ክሩም ከዚያው ወንበር የተረፈ ነው። ምን ልትይዝበት ነው ብሎ ጠይቆት ነበር፤ አዎ፣ ጠይቆታል። በየነም መልሶለታል፣ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታየዋል። ግን ጌታሁን በዚያን ሰዓት ስለ ጾመ ነነዌ ለሌላ ደንበኛ ሲያብራራ ስለነበር፣ መልሱን አልሰማውም።

ቁጭ አለ። ደግሞ ወዲያው አእምሮው መንገድ ፈለገለት። ልባሱ የእኔ ቢሆን ውስጡ ታቦት መሆኑን ይከለክላል? አይከለክልም! ለታቦት ያሰፋው ቢሆንስ? ዝም ብዬ ሆሳዕናን ብጠብቅስ? አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባላል፤ ጌታሁንም ሊተኛ ፈልጎ ነበር። የከለከለው ጸሎቱ ነው። እውነቱን ግለጽልኝ ብሎ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ አፍንጫው ሥር ተገለጸለት። ሌላ የሚስማማውን እውነት አምጣልኝ ብሎ እንዴት ይመለሳል? አፈረ፤ ጆሮው ድረስ ተሰማው። ከሐፍረቱ ጎን ግን ሌላ ነገር ነበር፣ ከልጅነቱ ወዲህ ያልተሰማው ነገር። ታዲያ ምንድነው ውስጡ ያለው? እውነት እውነት ማወቅ አማረው።

በማግሥቱ ዓርብ መጋቢት መድኃኔዓለም ነው። ክፍሏ ሞልታ ሰው እስከ ግቢው ፈሰሰ። ዮሳቤጥ ከበሩ ውጭ ከቧንቧው አጠገብ ቆማለች። ብርቅነሽ "መምህራችን ቃል ያሰሙን" አለች።

"መምህር አይደለሁም" ብሎ ጀመረ። ሰው ትሕትና መስሎት ራሱን ነቀነቀ። "አይደለም፣ የምሬን ነው። ዲቁናም የለኝ። ይህን ጥቅል ጽላት ነው ያልኳችሁ ከፋዩን አይቼ ነው። ከፋዩን ትናንት ደህና አድርጌ አየሁት። የሰፋሁት እኔ ነኝ። ለበየነ፣ እዚያ ሱቄ ውስጥ፣ ከሰርግ ወንበር በተረፈ ጨርቅ። ምን እንደሚይዝበት ነግሮኝ ነበር። እኔ እያወራሁ ስለነበር አልሰማሁትም።"

ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተንጫጫ።

"ታዲያ ታቦት አይደለም ነው የምትለን?" አለች ብርቅነሽ፤ አንቱታው እዚያው ላይ ቀረ።

"እሱንም አላውቅም።"

"ነው ወይስ አይደለም? አንዱን ተናገር እንጂ!"

"ብርቅነሽ፣ ነው ያልኩት ሳላውቅ ነው። አይደለም ብልሽም ሳላውቅ ነው የምልሽ። አንዴ በደልኳችሁ፣ አልደግመውም።"

"እንግዲያው ይከፈት!" አለ አንዱ ከኋላ። "ማን አባቱ ነው የሚከፍተው?" አለ ሌላው። ጌታሁን ስልኩን አውጥቶ በሁሉም ፊት አባ ፀጋአብ ጋ ደወለ፤ ድምፁንም ለሁሉም እንዲሰማ ከፈተው። የስፌቱን ነገር ነገራቸው። ቀጥሎ የልጅቷን፣ የወረቀቱን፣ የሰኞውን ነገራቸው።

አባም ጠየቁት። "ስለ ልጅቷ ያን ጊዜ ለምን አልነገርከኝም?"

"ነገሩ እንዳይበላሽብኝ ብዬ ነው አባ።"

"የቱ ነገር?"

ጌታሁን ዙሪያውን አየ። ሠላሳ ሰው ያየዋል። "ስሜ" አለ።

"እኔም አላጣራሁም፤ እርግጠኛ ነኝ ስትለኝ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ" አሉ አባ። "ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ እመጣለሁ። የእሑድን መንገድ እግዚአብሔር ያውቃል። እስከዚያ ማንም አይንካው፤ ማንም ደግሞ ልጅቷን አያስከፋት።"

ቅዳሜ፣ መጋቢት ሃያ ስምንት፣ ከተማው በሙሉ ወደ ጦሩ ዋና መምሪያ ፈሰሰ። መኪና የለ፣ መንገድ የለ። አባ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ሁለት ሰዓት በእግራቸው ተጉዘው፣ አቧራ ለብሰው፣ አንዲት ሰልፈኛ ልጅ ለጭሱ ብላ የሰጠቻቸውን በኮምጣጤ የተነከረ መሐረብ በእጃቸው ይዘው ዐሥር ሰዓት ላይ ደረሱ። ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ እጃቸውን ታጥበው ክፍሉ ገብተው በሩን ከውስጥ ዘጉ።

እንግዲህ የሚጠበቅ ነገር ካለ ይህ ነው። ብርቅነሽ ጸሎቷን ታነበንባለች። ዮሳቤጥ ጥፍሯን ትበላለች። ጌታሁን ግድግዳ ተደግፎ፣ ታቦት ቢሆን ይሻለዋል ወይስ ባይሆን ብሎ ልቡን ቢፈትሸው፣ ልቡ ወዲያም ወዲህም አላደላም። የሆነውን ብቻ ማወቅ ነው የጓጓው። ሠላሳ ዓመት የተሸከመው ነገር ከትከሻው የወረደ መሰለው።

በሩ ተከፈተ። አባ ብቅ ብለው "ዐረብኛ አጣርቶ የሚያነብ ማነው?" አሉ።

ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ገበያ ላይ የሚናገር ሞልቷል፤ የሚያነብ ግን…

"እኔ" አለች ዮሳቤጥ። "አንተ ምን አገኘህ?"

"አንቱ በያቸው እንጂ!" አለች ብርቅነሽ። አባ ግን ሳቅ ብለው "ነይ ግቢ ልጄ" አሉ። "አንተም ና፣ ጌታሁን።"

አግዳሚዋ ላይ ከፋዩ ተዘርግቷል። በላዩ ከእጀታው በኩል ጠበብ ያለ፣ ከብዙ መያዝ የወዛ ጣውላ አለ፤ ሁለት ገጹ በጥቁር ቀለም ተጽፎበታል። አጠገቡ በላስቲክ የተጠቀለለ ትንሽ ነገር አለ።

"መጀመሪያ ያንቺን" አሉ አባ፣ ላስቲኩን እያቀበሏት።

ፈታችው። የበየነ መታወቂያ ነው፤ ፎቶው ላይ ጠጉሩ የጎፈረ የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ነው። ዮሳቤጥ መታወቂያውን ደረቷ ላይ ለጥፋ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ሲበቃት ፊቷን ጠርጋ ጣውላውን አየች።

"ሎህ ነው" አለች። "የኸልዋ ሎህ። የሱዳን ልጆች ሼኹ ጋ ሄደው ቁርኣን የሚማሩበት ሰሌዳ።" ጎንበስ ብላ አነበበች። "ላይኛው የሼኹ ጽሕፈት ነው፣ ቆንጆ ነው። ታችኛው… ታችኛው የአባቴ ነው። ፊደል ነው። አሊፍ፣ ባ፣ ታ… እዚህ ጋ ተሳስቷል። ስሙን ጽፏል፣ በየነ።" ስሙን በጣቷ ዳሰሰችው። "ድንበር ላይ አንድ ሼኽ ቤት ሰባት ወር ተቀመጥኩ ይል ነበር። ከልጆች ጋር መማሩን ግን አልነገረኝም። ዩኒቨርሲቲ የነበረ ሰው!"

"ለምን አላጠፋውም?" አለ ጌታሁን። ኸልዋ ውስጥ ልጆች ትምህርቱን ሲያውቁት ሎሁን በውኃ አጥበው አዲስ እንደሚጽፉ እሱም አይቷል።

"የሚታጠበው ሲጨርሱት ነው" አለች። "አልጨረሰውም።"

ብርቅነሽ በር ላይ ሆና ሰምታ ኖሯል፤ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። "ሦስት ሳምንት ሙሉ ለጣውላ ሰገድኩ! አባ፣ ምን ይሻለኛል?"

"ለማን እንደሰገድሽ የሰገድሽለት ያውቃል" አሉ አባ። "አሁን ውኃ ስጪኝ፣ ጉሮሮዬ ደርቋል።" ሎሁንም በንጹሕ ነጠላ ሸፍነው "ሰው እግዚአብሔርን ፍለጋ የተማረበት ነው፤ መሬት እንዳይነካ" ብለው ለልጅቷ አስታቀፏት።

አባና ብርቅነሽ ሲወጡ ጌታሁን ቀረ። ዝቅ አለና እግሯ ሥር ተደፋ። ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው፣ እሷ ልጁ ትሆናለች።

"ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አልተኛሁም" አለችው፣ ከላይ ሆና። አልራራችለትም፣ እውነቷን ነው። "ሁሉም ሰው እብድ ናት አለኝ። አንተ እያወቅህ…"

"እያወቅሁ አልነበረም፤ እሱ ነው ጥፋቴ። ይቅር በዪኝ።"

ከውጭ፣ ከሩቅ፣ የሰልፉ ጩኸት ይሰማል። ቆይታ እጁን ያዘችና ሳበችው።

"ተነሥ ዐሞ። ሰኞ አብረኸኝ ትሄዳለህ። አባትሽን የሚያውቅ ሰው ይዘሽ ነይ ብለውኛል።"

"እኔ እኮ…" አለ ጌታሁን፣ ጉልበቱን እያራገፈ፣ "ዐሥራ ምናምን ዓመት ጎረቤቴ ነበር፣ ግን ደህና አድርጌ አላውቀውም።"

"የምታውቀውን ያህል ንገራቸው" አለች ዮሳቤጥ። "ከዚያ አትለፍ፣ እሺ? ታማም?"

"ታማም" አለ።